የሠርግ ጣት

ጁማ ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ በሐይቅም በአምባሰልም ሠርግ በተደገሰ ቁጥር የሟች አባቱን ምንሽር ይዞ ይጠራ ነበር፤ ተኩሱ ያደምቃልና። የመንደሩ ሽማግሌዎች የማሽላ ጠባቂ ሊመርጡ ሲነሡ ግን ዒላማውን እንጂ ድምፁን አልፈለጉም። አምና የነበረው ጠባቂ ከርከሮ ስቶ የሰው በሬ ገድሏል። ስለዚህ ፈተናው ሁለት ጥይትና ውሃ የሞላ ጀሪካን ሆነ። ጠባቂው ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ይሰፈርለታል፤ ጁማ ይህን ካጣ ዳግመኛ ባሕር መሻገሩ የማይቀር ነው። እናቱ ሀጀራ ይህን እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች።

ጡረታ የወጡት የጦር አሠልጣኝ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ አሻግሬ፣ ጁማን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ወዳለው ገደል ሥር ወሰዱት።

«እስከ ዛሬ ምን ላይ ተኮስህ?»

«ሰማይ ላይ።»

«ሰማይን የሳተ የለም።»

ጀርባቸውን አዙረው ጠመንጃውን አጎረሱና ሰጡት። ጁማ አነጣጥሮ ምላጩን መነጨቀው። ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ቀረ፤ የጎረሰው ባዶ ቀለህ ነበር። አፈሙዙ ግን ያልመጣውን ፍንዳታ ፈርቶ ወደ መሬት ደፋ ብሏል።

«አየህ? ጠመንጃው ምንም አላደረገም። ጣትህ ጩኸት ናፍቆ ነው የሚቸኩለው። ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ፣ ቀስ በቀስ ጫነው፤ መቼ እንደሚፈነዳ አንተ አትወስንለት።»

ዐሥራ ሁለት ቀን በባዶ ቀለህ ምላጩን ሲጫን ሰነበተ።

በፈተናው ዕለት የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ጣቱ ሠርጉን አስታወሰና ምላጩን መነጨቀ። አቧራው ከጀሪካኑ በታች ተነሣ። ጓደኛው ሙሀይሚን ጠጋ ብሎ፣ «ማነጣጠሪያው ተጣሟል በላቸው፤ የሟች ጠመንጃ ነው፣ ማን ይከራከርሃል?» አለው።

መውጫው ቀላል ነበር። ጁማ ግን ፈተናውን ወደሚመሩት ሽማግሌ፣ ወደ ሼህ ኑርዬ ዞረ።

«ጠመንጃው ደኅና ነው። የሳተው ጣቴ ነው። ከሁለተኛው ጥይት በፊት በባዶ ቀለህ ልለማመድ ይፈቀድልኝ።»

ወጣቶቹ ሳቁ፤ «ሙሽራዋስ የታለች?» ያለም ነበር።

«ተዉት፤» አሉ ሼህ ኑርዬ፤ «በራሱ ጣት ላይ የመሰከረ ተኳሽ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ጋሽ አሻግሬ ጀርባቸውን አዙረው አጎረሱ። ቀጭ አለ፤ አፈሙዙ ጥቂት ደፋ። እንደገና አጎረሱ። ቀጭ አለ፤ አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛውን ጁማ ባዶ ይሁን ጥይት ሳይጠይቅ ተቀበለ። ትንፋሹን እስከ ግማሽ አውጥቶ ያዘ፤ ጫነ፤ ጫነ። ፍንዳታው ራሱን አስደነገጠው። ከጀሪካኑ ወገብ ውሃ ይፈስስ ጀመር።

«ማሻ አላህ፤» አለች ሀጀራ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች። «ጀሪካኔን ግን ትተካለህ።»

ሙሀይሚን ከኪሱ አንዲት ጥይት አወጣ። «ይኸው፤ ለደስታችን ወደ ላይ።»

ጁማ ጥይቷን ተቀብሎ ኪሱ ከተታት።

«ለማሽላው ትሆናለች፤» አለ።