ሁለት ቀኝ ዓይን

ፎቶ አንሺው እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ አሁን ግን እሱም ራሱ የረሳው ይመስላል። የመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ የገባውን ሁሉ «ቀና በል፣ ቀና በይ» ሲል ስለሚውል ሰፈሩ «ቀና በል» ብሎ ጠራው፣ ስሙም በዚያው ጸና።

ሱቁ አንድ በርጩማ፣ አንድ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ጥጉ ላይ ኮምፒውተርና ማተሚያ ናት። ከዚያች ጠባብ ሱቅ ግን አስቀያሚ ሰው ወጥቶ አያውቅም። ብጉር ይዞ የገባ ያለ ብጉር ይወጣል፤ የተጨማደደ ግንባር እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ይዘረጋል። የአንዱን ደንበኛ ፊት እንዲያውም ከልክ በላይ አሳምሮለት፣ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መታወቂያውን አይቶ «ይሄ አንተ አይደለህም» ብሎ ከበር መልሶታል ይባላል። ቀና በል ይህን ሲሰማ እንደ ሙገሳ ነው የቆጠረው።

ይህን ሙያ ለሴት ልጁ ሊያወርስ ነበር ሐሳቡ። ልጅቷ ግን ሥነ ጥበብ ካልተማርኩ ብላ ሄደች። ተምራ ስትመለስ ሱቁ ውስጥ የተሰቀሉትን ፎቶዎች አየት አየት አደረገችና፣ «አባዬ፣ አንተኮ የምታነሳው ሰው ሳይሆን እንቁላል ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ፎቶ አይወራም። እራት ላይ የሚወራው ስለ አየሩ ነው፤ ወሬው ወደ ብርሃን፣ ከብርሃንም ወደ ፎቶ እንዳይሄድ እናትዮዋ ቶሎ ታስቀይሳለች።

ስለዚህ ልጅቷ አንድ ቀን መጥታ የሱቁ በር ላይ ስትቆም የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ከጓደኞቿ ጋር በቀድሞው የሳሙና መጋዘን ውስጥ ዐውደ ርእይ ልታሳይ ነው። አንዷ ሥዕል ታቀርባለች፣ እሷ ፎቶ፣ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ አጫጭር ልብ ወለድ። ፎቶዎቹ የሰፈሩ ሰዎች ፊት ናቸው፤ በየፎቶው ጎን ስለዚያ ፊት የተጻፈ ታሪክ በጉልህ ፊደል ታትሞ ይለጠፋል። «በትልቁ አትምልኝ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም፤ ጥፋት አላት ከተባለ ይህችው ናት።

ቀና በል ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍት ልቡ ስንጥቅ አለ። ጡረተኛው ሹፌር የነዳበት መንገድ ሁሉ ግንባሩ ላይ ተሰምሯል። የፀጉር ሰሪዋ ዓይን ሥር ከረጢት ተንጠልጥሏል። የገዛ ሚስቱ ደግሞ፣ ፊቷን በአንድ ወገን አሟት ከዳነች ጀምሮ ግራ ዓይኗ ጨፈን ስለሚል፣ አንዱን መዝጊያ ከፍታ አንዱን የዘጋች ሱቅ መስላለች። ልጄ በዚህ የሰው መሳቂያ ትሆናለች ብሎ ሠጋ። ደግሞም የአባቷን ሙያ የምታይበት ጊዜ ደረሰ። ሱቁን ዘጋና ተቀመጠ። የሹፌሩን ግንባር ደለደለ፤ የፀጉር ሰሪዋን ከረጢት አራገፈ። ለሚስቱ ግን አብልጦ ተጠበበላት። ደህናውን ቀኝ ዓይኗን ቀድቶ፣ ገልብጦ፣ በግራው ቦታ ተከለላት። ሲጨርስ በገዛ ሥራው እንባ አቀረረ።

ቀለሙ ይድረቅ እያለ እስከ መክፈቻው ቀን ይዟቸው ቆየ። ዕለቱን ልጅቷ ወንበር ልትዋስ ወጣ ስትል ጠብቆ፣ ትገረም ብሎ ራሱ ሰቀላቸው። ስትመለስ እንግዳው በሩን ሞልቶት ነበር።

መጋዘኑ ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይላል። በአንዱ ግድግዳ ሠዓሊዋ እንደ በር የሰፋ ግራጫ ሸራ ሰቅላለች፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ሹፌሩ ነጥቧ ፊት ደርሶ «ቀይ በርቷል» አለና ቆመ። ልጅቷ ግን ወደ ፎቶዎቹ ነበር የሄደችው። የመጀመሪያውን አየች፤ ሁለተኛውን አየች፤ ሦስተኛው ጋ ሳትደርስ ቆመች። ቀና በል ምስጋና ሊቀበል ኮሌታውን አስተካከለ።

ጉድ ያፈላው የግድግዳው ጽሑፍ ነው። ፀጉሩ ከማበጠሪያ ጋር የተጣላው ጎረምሳ ደራሲ ስለ ሹፌሩ ግንባር ሙሉ ገጽ ጽፏል፤ በየሽብሽቡ አንድ ከተማ፣ በየከተማው አንዲት ሴት አስቀምጧል። ሰዉ ያነብና ዓይኑን ሲያነሳ ግንባሩ እንደ ሸክላ ሳህን ያበራል። አንዱ ሴቶቹስ የት ገቡ ብሎ ጠየቀ፤ ሳቁ ከዚያ ጀመረ። ደራሲው መጥቶ ድርሰቴን ገደሉብኝ ብሎ ቢያለቅስበት፣ ቀና በል እኔ ይህን ሁሉ ፊት አስተካክዬ አንተ ሁለት ቃል ማስተካከል ያቅትሃል፣ «ሽብሽብ» ያልከውን «ለስላሳ» በለው ብሎ መከረው። ፎቶ የተነሱት ግን ቅንጣት ታህል ቅር አላላቸውም። ፀጉር ሰሪዋ ከገዛ ፊቷ ፊት አልነቃነቅ ብላ፣ ስሞት ይህንኑ አውጡልኝ እያለች ከወዲሁ ትናዘዛለች።

ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮህበት በወደደ። ቀስ ብላ መጣችና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው አባዬ፤ ሌላ ቦታ ማሳተም ነበረብኝ» አለችው።

ቀና በል ውሃ ሆነ። እራት ላይ አየሩ እንኳ የማይወራበት ዘመን ሲመጣ ታየው። ዘወር ሲል ሚስቱ መነጽሯን ሰክታ ከራሷ ፎቶ ጎን ያለውን ታሪክ ታነባለች። ታሪኩ ስለ አንዲት ሴት ነው፤ በክፍቷ ዓይኗ ባሏን ትጠብቃለች፣ በጨፈን ባለችው ጥፋቱን እንዳላየች ታልፍለታለች። አንብባ ጨረሰችና ፎቶውን አተኩራ አየችው።

«አንተ፣ ና እስቲ» አለች። «ይህቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

«እኔ ሁለት ቀኝ ዓይን የለኝም።»

ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው ሊል ጀመረ። አላስጨረሰችውም።

«በዚህችኛዋ ስንት ዘመን አይቼሃለሁ» አለች፣ ግራ ዓይኗን በጣቷ እየነካች። «ካስጠላችህ ቁርጡን ንገረኝ። እኔም አንተን ላስተካክልህ ካልኩ ሥራ አላጣም፤ ከሆድህ ነው የምጀምረው።»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ቀና በል ወደ ሱቁ ሄደ። ያልተነካውን ፎቶ ከፈተ። እጁ ሳያዘው ወደ ሽብሽብ ማጥፊያው ነጎደበት፤ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ቀበረና በግራው አሳተመ። ማተሚያው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ አወጣት፤ ፀጉሯን፣ ግንባሯን፣ ከዚያ ዓይኗን። ፊቱን ሊያዞር አሰበና ተወው። ልክ ምሳ በልተሃል ወይ ልትለው ስትል የምታየው አስተያየት ነበር። ያችን አስተያየት የገለበጠው ዓይን ውስጥ አላገኛትም ነበር፤ እንዳጣት እንኳ አላወቀም።

ሲመለስ እንግዳው አልተበተነም። የፊተኛውን አውርዶ አዲሱን ራሱ ሰቀለ። ደራሲው ፀጉሩን ማከኩን ትቶ ታሪኩንና ፊቷን አመሳከረ። ሚስቱ አየችና፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብላ መነጽሯን ከተተች። ልጅቷ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግታ የእጁን ዱካ ፈለገች።

«ምንም አልነካህም?»

«አልነካሁም።»

እንደገና አየች። ከዚያ፣ «የቀሩትን ነገ አብረን እናትማለን» አለችው። «አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ቀና በል ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት ሚስማሩን የሚያጠብቅ መሰለ። ግን ዓመል መቼ ዝም ያሰኛል።

«የፀጉር ሰሪዋን የዓይን ከረጢት ግን ትንሽ…»

«አባዬ።»

«እሺ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ።»

ልጅቷ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት።