ጅቡቲን አይታ ለመመለስ

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ነበር አቻምየለሽ ጅቡቲ የሄደችው። አንድ ልጇ ሀብተሚካኤል እዚያ ወደብ ላይ ሥራ ይዞ አራት ዓመት ሆኖታል።

«እማዬ፣ አቃቂ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» አላት በስልክ። «አንድ ሳምንት አይተሽው ተመለሽ። ከወደድሽው ጠቅልለሽ ትመጫለሽ።»

ጠቅልሎ መሄድ ማለት ባሏ ባቡር ድርጅት ሲሠራ ያገኙትን የቀበሌ ቤት ማስረከብ ነው። ተዘግቶ የከረመ የቀበሌ ቤት ለሌላ ይሰጣል፤ አንዴ ካስረከበች መመለሻ የላትም። ልቧ ገና ሳትነሳ እምቢ ብሏል። አውቶቡሱ እንደሚገለበጥ፣ ባይገለበጥ ሙቀቱ እንደሚገድላት፣ ያም ቢቀር አንድ ቀን ሰው በማያውቃት አገር ሞታ ሬሳዋ ተሸካሚ እንደሚያጣ ለጎረቤቷ ለጠጄ ነገረቻት።

«ሳትሄጂ ሞተሽ ጨረስሽ እኮ» አለቻት ጠጄ። «መጀመሪያ ሽቶ ግዢልኝ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ ሙቺ።»

አውቶቡሱ አልተገለበጠም። ሀብተሚካኤል መናኸሪያ ተቀብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች አንዲት ክፍሉ ወሰዳት። በጠዋት ይወጣል፤ ማታ ላብ አጥምቆት ይመለስና በልቶ ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። እሷ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ከምሳ በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። አቃቂ በሰቃ ቢሆን በዚህ ሰዓት የብየዳ ቤቱ ጩኸት አላስቀምጥ ብሏት ታማርር ነበር። እዚህ የሚያማርሩትም የለም። እንደምን ዋልሽ የሚላት ሳታገኝ ስለሚመሽ፣ አንዳንዴ ድምፅዋ እንዳለ ለማወቅ ብቻዋን ትናገራለች።

ልጇ አዳር ተረኛ በሆነበት ዕለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ረጅም ጡሩምባ ቀሰቀሳት። አቃቂ በዚህ ሰዓት ጡሩምባ የሚነፋው የዕድሩ ለፋፊ ነው፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጡሩምባው ደገመ። የልጇን ባዶ ፍራሽ አየች። እንደ ለቅሶ ቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወጥታ የጎረቤቱን በር ደበደበች።

የከፈተችላት ዙለይኻ የምትባል የድሬዳዋ ሴት ናት።

«ማን ነው የሞተው?» አለች አቻምየለሽ።

«ማንም አልሞተም። ምነው?»

«ጡሩምባ ተነፋ እኮ።»

«መርከብ ነው እናቴ። ወደብ ሲገባ ይጮኻል።» ዙለይኻ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። «ለመርከብ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

አቻምየለሽም እፍረቷን በሳቅ ሸኘችው። ቀጥላ ግን፣ «ታዲያ እዚህ ሰው ሲሞት በምን ታውቃላችሁ?» አለች።

«ዘመድ ያለው ዘመዱ ያውቃል።»

«የሌለውስ?»

ዙለይኻ ወደ ሀብተሚካኤል በር ተመለከተች። «የዚህ ልጅ እናት ነዎት? ዝምተኛ ነው፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም። አምና ብዙ ቀን በሩ ሳይከፈት ቀረ። አገሩ ገብቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በኋላ ደረጃው ላይ ሳገኘው በአጥንቱ ቀርቷል።»

ልጇ ከአዳር ሲመለስ ቁርሱን አቀረበችለትና ጠየቀችው።

«ወባ ነበር» አለ ከሳህኑ ቀና ሳይል። «አለፈ እኮ።»

«ጉንፋን ነው ያልከኝ ጊዜ?»

ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ።

«ውሃ ማን ያቀብልህ ነበር?»

«ቧንቧው ሩቅ አይደለም።»

ከፍራሹ እስከ ቧንቧው ያለውን ወለል ደጋግማ አየችው። የመጣ መዓት ሁሉ በእሷ ላይ ሲወርድ ስታስብ ኖራ፣ ይህ አንድም ቀን አልታሰባትም። ልጇ ትኩሳት እየፈጀው ይህን ወለል ሲድህ፣ እሷ አቃቂ የቤቷን ደፍ እየጠረገች ነበር።

አቃቂ በተመለሰች ማግስት ጠጄ መጣች። ሽቶውን አሽትታ ጡቷ ሥር ወሸቀችና፣ «እሺ፣ ወደድሽው?» አለቻት።

«አልወደድኩትም። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። የሚያናግርሽ የለም። ብሞት ደግሞ በዚያ ጠባብ ደረጃ እንዴት አድርገው እንደሚያወርዱኝ አይታየኝም።»

«እንኳን ቀረብሽ።»

«ሰኞ ቀበሌ ሄጄ ቤቱን አስረክባለሁ» አለች አቻምየለሽ።

ጠጄ የለመደችውን ቀልድ ልትወረውር አፏን ከፈተች። ተወችውና አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።