የሚያፏጩ ቀለሆች

ከገሳይ ከተማ የመጣው ጆንያ ግቢው መሐል ሲዘረገፍ ሰዓዳ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ውስጡ ያለው ባዶ የጥይት ቀለህ ነው። ለሠርጉ፣ ለተዝካሩ፣ ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ ወደ ሰማይ ሲተኮስ የወደቀውን ቀለህ የገሳይ ሰው ለቅሞ፣ መሪጌታ ይሻው በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው ደብረ ታቦር አደረሱት።

«ቡሄ ሳይደርስ ሦስት ጸናጽል፤» አሉ መሪጌታው ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ናሱ ይኸው፤ ድምፁን ግን ካንተ እጠብቃለሁ፣ ሸሪፍ።»

«ድምፁ በኔ ይሁንብዎ፣ መሪጌታ፤» አለ የሰዓዳ ባል።

ሸሪፍ ናስ አቅላጭ ነው። አያቱም አባቱም ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ሲያቀልጡ ኖረዋል። አሁን ግን ግራ ዓይኑ አያይም። አምና ለተኩስ ድምፅ ብቻ ተብሎ እርሳሱ ተነቅሎ ባሩዱ የቀረ፣ አፉ በሰም የተደፈነ አንድ ቀለህ ከባዶዎቹ ጋር ተመሳስሎ ማቅለጫው ውስጥ ገባ። ፈነዳ፤ የፈላው ናስ ፊቱ ላይ ተረጨ። ሰዓዳ ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ከጆሮዋ አልወጣም።

ዛሬ ደግሞ እሳቱ ፊት የምትቆመው ኢክራም ናት፤ አንዲት ልጇ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። የአባቷን ሙያ ወርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልታቀልጥ ነው።

«እኔ አንድ በአንድ ሳልፈትሸው አንድም ቀለህ እሳት አይገባም፤» አለች ሰዓዳ።

«አንቺ ደግሞ! ያልተተኮሰማ ያስታውቃል።»

«አምና ሁለት ዓይን ነበረህ። አየኸው?»

ሸሪፍ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጣት።

ጆንያው ነገ ይደርሳል መባሉን ሰምታ ሰዓዳ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ ነው ያደረችው። ቀለሆቹን በሳፋ ውሃ አጠበቻቸው። ከተበላሸ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ የፈለቀቀችውን ማግኔት አምጥታ በላያቸው አንቀሳቀሰች፤ ናስ መስለው ቢጫ የተቀቡት ብረቶች ተንጠልጥለው ወጡ። የዘይት ቆርቆሮ ክዳን በምስማር በስታ፣ ቀዳዳውን አስፍታ ወንፊት አደረገች፤ ቀጠን ያሉት አጫጭሮቹ ሾለኩ፣ ወፈር ያሉት ረጃጅሞቹ ከላይ ቀሩ። ሦስት ጣሳ አሰልፋ በከሰል ጻፈችባቸው፦ «ብረት»፣ «አጭር»፣ «ረጅም»። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ «ረ»ዋ ትንሽ ዘመም ብላለች። አራተኛውን ጣሳ ውሃ ሞላችው፤ ምንም አልጻፈችበትም። ባሩድ ያለበት ከተገኘ የሚገባው እዚያ ነውና ስሙን መጥራት ፈራች።

ባዶውን ከሙሉው የሚለየው ግን ምንድን ነው? ዓይን እንደሆነ ይሸወዳል። እንዲህ እያሰበች የአንዱን ቀለህ ውሃ ለማራገፍ አፉ ላይ እፍ ስትል፣ ቀለሁ አፏጨ።

ሰዓዳ ደንግጣ አየችው። ሌላ አነሳች፤ እሱም አፏጨ። ሆዱ ባዶ የሆነ ያፏጫል። ሆዱ የሞላስ በምኑ ያፏጫል?

ከዚያማ አንድ በአንድ ያዘችው። አጭሩ እንደ ወፍ ጫጩት፣ ረጅሙ ወፈር አድርጎ። ጎረቤቷ ፈትያ በአጥሩ አንገቷን አሰገገች።

«ሰዓዳ! ምን ነክቶሻል? ሴት ልጅ በጠዋት ታፏጫለች? ሸይጣን ልትጠሪብን ነው!»

«ይምጣ! እሱንም በማግኔት እለየዋለሁ!»

ኢክራም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቆየት ብላ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። «እማ፣ ከሰሉ አመድ ሊሆን ነው። ስንት ቀረሽ?»

«እስኪያልቅ ነው የቀረኝ።»

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። የሰዓዳ ከንፈር አበጠ። እፍኝ የማይሞላ ሲቀር ሸሪፍ ዞር አለ። «ስሚ፣ ይሄን ሁሉ አፏጨሽው፤ ሁሉም ባዶ ነው። ሰው እየሳቀብን ነው። በቃሽ፣ የቀረውን ይዘሽው ነይ።»

ሰዓዳ እፍኟን አየች። እውነትም በከንቱ እንደሆነስ? ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን በአፏ ቀለህ ስትነፋ ስለዋለችው ሴት ሊያወራ ነው። ቀና ስትል ኢክራምን አየቻት፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፊቷ በእሳቱ ቀልቶ ቆማለች።

አንድ ረጅም ቀለህ አንስታ ነፋች።

ዝም።

ወናፉ ቆመ። ሸሪፍ ከዕድሜው ግማሹን የናስ ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ዝምታውን ከእሷ እኩል ሰማው። «ድገሚው፤» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

ደገመችው። ዝም።

መጥቶ ተቀበላት። የቀለሁን አፍ በጥፍሩ ጫር አደረገው፤ አፈር የመሰለው ሰም ሆኖ ተገኘ። ገልብጦ ቂጡን አየ፤ የጠመንጃ መርፌ ያልነካው፣ ምንም ያልሰረጎደ ነበር። ጆሮው ሥር አስጠግቶ ቀስ ብሎ ሲነቀንቀው ውስጡ እንደ ጤፍ ተንሿሿ።

«አልሐምዱሊላህ፤» አለና ለቀበሌው ጸጥታ እስኪሰጥ ድረስ አራተኛው ጣሳ ውሃ ውስጥ አሰጠመው።

ሰዓዳ ከሰሏን አንስታ ጣሳው ላይ ጻፈች፦ «አትንኩ»። ከዚያ የቀሩትን ነፍታ ጨረሰች። ሁሉም አፏጩ። «አሁን አቅልጪ፣ ልጄ፤» አለች።

ኢክራም አቀለጠች። ናሱ እንደ ማር ወርዶ ቅርጹ ውስጥ ገባ፤ አንድ ጠብታ እንኳ አልተረጨም።

በሳምንቱ መሪጌታው መጥተው አንዱን ጸናጽል አንስተው ነቀነቁት። ድምፁ ግቢውን ሞልቶ በአጥሩ ተሻገረ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት።

«ሸሪፍ፣ እጅህ ይባረክ።»

«የኔ እጅ አይደለም። ያቀለጠችው ልጄ ናት፤ ያዳነችን ደግሞ እናቷ።»

መሪጌታው ወደ ሰዓዳ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ከጣራ ገዳም በኩል ሌላ ጆንያ ይዘው መምጣታቸውንም ነገሯት።

ጆንያው ሲፈታ ፈትያ እንደ ልማዷ በአጥሩ ላይ ነበረች። ሸሪፍ ቁጭ ብሎ አንድ ቀለህ አጠበ፤ በሸሚዙ ጠረገና ከንፈሩ ላይ አስጠግቶ እፍ አለ።

«ኧረ ጉድ! ሸሪፍ፣ አንተም?»

«ዝም በይ፣ ፈትያ፤ ልስማበት፤» አለና ቀለሁን በኩራት ለሚስቱ አቀበላት። «ረጅም፣ ባዶ። ጣሳው ላይ ጻፊው።»