በሳሙና የሚታጠበው ፈረሰኛ

መርስዔ ኃዘን ከመቅደሱ ግድግዳ የተላቀቀውን የአቡጀዲ ጠርዝ በጣቱ ደግፎ፣ ከሥሩ የገባውን አፈር በላባ ይጠርግ ነበር። አቡጀዲው ላይ ያሉትን ቅዱሳን የሣሏቸው አባቱ ናቸው፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው። ዛሬ ሰበካ ጉባኤው ከተስማማ ግን ነገ ሁሉም ተፍቀው ይወርዳሉ፤ በቦታቸውም ትዕዛዙ ከአዲስ አበባ ያመጣው የግድግዳ ወረቀት ይለጠፋል።

ትዕዛዙ የዚሁ የመንዝ ልጅ ነው፤ ይህም በሚሊኒየሙ ሰሞን ትዝ ብሎታል። በመሐል ሜዳ በኩል በመኪና መጣና ጥቅልሉን ደጀ ሰላሙ ላይ ዘርግቶ፣ ከጥንት የብራና ሥዕል ተወስዶ በማሽን የታተመ መሆኑን፣ ብል እንደማይበላው፣ በሳሙና እንደሚታጠብ ለሽማግሌዎቹ አስረዳ። መታጠቡን ሦስት ጊዜ ደገመው፤ የቅዱሳን ችግር እድፍ ይመስል።

ወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ ፈረሰኛ ነው፤ ያው አንዱ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ መጋረጃ አበባ የተደጋገመ። ሽማግሌዎቹ ማማሩን መሰከሩ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ዓምደ ሚካኤል ሳይቀሩ ነጩን ፈረስ አይተው ቅዱስ ጊዮርጊስ መሰላቸውና ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ።

መርስዔ ኃዘን ላባውን እንደያዘ ወጣ። በሰው ፊት መናገር አይሆንለትም፤ ዛሬ ግን ተናገረ።

«አባ፣ ይቆዩ። ዓይኑን ይቁጠሩልኝ።»

አባ ቆጠሩ። አንድ። ወደሚቀጥለው ፈረሰኛ አለፉ፤ እሱም አንድ። ፊቱ የተሣለው በጎን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው። ይህን እዚያ የቆመ ዲያቆን ሁሉ ያውቃል፤ የፈረሱ ማማር አስረስቷቸው እንጂ።

«የሄሮድስ ጭፍራ ነው» አለ መርስዔ ኃዘን፤ «ሕፃናቱን ሊፈጅ ሲጋልብ። ብራናው ላይ አይቼዋለሁ፤ አታሚዎቹ ሕፃናቱን ቆርጠው ጥለው እሱን አስቀሩት።»

ትዕዛዙ ሳቀ። «አንተ ደግሞ፣ ዓይን ትቆጥራለህ? ያምራል አይደል?»

«ያምራል። አንተማ ነገ ትሄዳለህ። ግድግዳውን በየጠዋቱ የሚሳለሙት እናትህ ናቸው። እትዬ አልጣሽ የሕፃን አራጅ ይሳሙ?»

ትዕዛዙ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ አባን አዩ። አባ ዓምደ ሚካኤል ቀና ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ልጄ ትዕዛዙ፣ ለሳሎንህ ይሁንህ» አሉት።

ጉባኤው በዚሁ ተበተነ። መርስዔ ኃዘን ተንበርክኮ ወረቀቱን ጫፉ እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቀ ጠቀለለው፤ ቢንቀውም ወረቀት ማበላሸት አልለመደም። በሲባጎ አሰረና የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አጋደመው።