የአጥፊ ጥፋት

እምምም... እምምም... ህ!

ድምፁን የሰማችው ገና ጥጉን ሳትዞር፣ ሕንፃው ፊቱን ሳያሳያት ነው። ለሌላ ሰው ይህ ድምፅ አይባልም፤ ከተማ እንደሆነ ሁልጊዜ አንድ የሚያጉረመርም ነገር አያጣም። እሷ ግን ቆመች። ሻርፗን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ አዳመጠች። የጣሪያው የአየር ማስወጫ ማራገቢያ ነው። የግራ ኩሽኔታው ስለተበላ በየሦስተኛው ዙር ደረት እንደታፈነ ሽማግሌ «ህ!» ይላል። ከሺህ ማራገቢያ መሃል ዓይኗን ጨፍና ትለየዋለች።

«በእሑድ ቀን!» አለች ጮክ ብላ፣ መንገድ ላይ መሆኗን ረስታ። «ማንን ሊያናፍስ ነው?»

ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ነው። ከታች ሱቆች፣ ከዚያ ልብስ ሰፊውና ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ሦስተኛው ላይ የጥርስ ሐኪሟ፣ ከዚያ በላይ ግማሹ ባዶ የሆነ ቢሮ። እሑድ እሑድ ከዘበኛው በቀር ነፍስ የለበትም። እሷ ደግሞ የሕንፃው ቴክኒሻን ናት፤ እነሆ አሥራ አራት ዓመቷ። በዚህ ሁሉ ዘመን የሠራችው በአንድ ቃል ይጠቅለል ቢባል ማጥፋት ነው። ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት ታጠፋለች። ገንዳው ሞልቶም የሚጮኸውን ፓምፕ ታጠፋለች። ጠዋት ማታ የፎቶ ኮፒዋን ሴትዮ በር ላይ ቆማ «ኧረ ያንን ማሽን አጥፊ! አጥፊ እንጂ!» ስትል የሰሙ ተከራዮች ቃሉን መልሰው እሷው ላይ ለጠፉት። እትዬ አጥፊ ሆና ቀረች። እንግዳ ሰው «እትዬ አጥፊን ጥሩልኝ» ሲባል የሰማ እንደሆነ፣ ምን አጥፍታ ይሆን ብሎ ክው ይላል።

ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ማነው ያስነሳው?»

«አለቃ ናቸው፣ እትዬ። ትናንት ሲወጡ ‹ሁሉም እንደበራ ይዋል› ብለውኛል።»

«ሁሉም ማለት?»

«ሁሉም ማለት ሁሉም ነዋ! የመጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር። እኔ ምን ላድርግ፣ አብራ ሲሉኝ አበራለሁ።»

ሊፍቱ ቆሞ ከርሟል፣ በእግሯ ወጣች። በየደረጃው መስኮት ፀሐይ እንደ ልቧ ትገባለች፤ አምፖሎቹ ግን ፀሐይን ሊያግዙ የተቀጠሩ ይመስል ሁሉም ቦግ ብለዋል። ጣሪያው ላይ ካለው ማብሪያ ክፍል ገብታ ማብሪያውን ወደ ታች ስትጥለው ማራገቢያው ጥቂት አጉረመረመ፣ አዘገመ፣ ተወ። ከዚያ ዝምታው ከጣሪያው ተነስቶ ፎቅ በፎቅ ሲወርድ የሰማችው መሰላት፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ። እሷ እዚህ ሕንፃ ውስጥ የምትወደው ነገር ቢኖር ይሄንን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

ሥራ አስኪያጁ የእህቷ ልጅ ነው። እናቱ ካረፈች ወዲህ ያደገው ከእሷ ቤት፣ ከእሷ ጉያ ነው። ሕንፃውን ሊያስተዳድር ሲመጣ እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበት ጠብቃዋለች። በሩ ተዘግቶ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ አንቺ ይላታል፤ ሰው ፊት እርስዎ ነው። ሁለቱም ደንቡን ያውቁታል።

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ማራገቢያውን በእሑድ ያስነሳኸው አንተ ነህ?»

«ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን ያጠፋል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመብራት መስሪያ ቤቱ ለንግድ ሕንፃዎች የቁጠባ ማበረታቻ የሚባል ነገር አምጥቷል። አሮጌ ሞተር፣ አሮጌ ማራገቢያ፣ አሮጌ መብራት አውጥቶ አዲስ ቆጣቢ ዕቃ ለሚተክል ሕንፃ የዕቃውን ግማሽ ዋጋ እሱ ይሸፍናል። ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አዲሱ ዕቃ የሕንፃውን ፍጆታ ቢያንስ በሩብ መቀነስ አለበት። ከምን ላይ ነው የሚቀንሰው? አሮጌው ዕቃ እያለ ለአራት ሳምንት ተለክቶ ከተገኘው ላይ። ለዚህም አንዲት የጫማ ሳጥን የምታክል የፍጆታ መዝጋቢ መሣሪያ መጥታ ማብሪያ ክፍሉ ውስጥ ታሽጋ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ የመስሪያ ቤቱ ለኪ፣ ጢሙ የሸበተ ረጋ ያለ ሰውዬ፣ መጥቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ከዚህ ላይ ምኑን ልንቀንስ ነው? አጥንቱ እኮ ነው የቀረው!» አለ።

አጥፊ ይህን ስትሰማ ኩራት ልቧን ሞልቶት ነበር። የእህቷ ልጅ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሩብ አይሞላም» አላት አሁን። «ቆጥበሽ ቆጥበሽ ከማበረታቻው አስወጣሽን። ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ሦስት ሳምንት ብቻ ይብራ፣ ይሽከርከር፣ ፓምፑም ይጩኽ። ከዚያ አዲስ ማራገቢያ፣ አዲስ የሊፍት ሞተር። ላንቺም እኮ ነው፤ ጉልበትሽ አልቋል፣ እስከ መቼ አምስት ፎቅ ትወጫለሽ?»

«አዲሱ ማራገቢያ የማይናፍቀኝ መሰለህ? ያንን ኩሽኔታ ስቀባ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዝም በያ!»

«ዝም ብዬ ወረቀቱ ምን ሊል ነው? ይሄ ሕንፃ ሲያባክን ነበር ሊል ነው። በማን እጅ? በእኔ እጅ። ምን ቆርጦኝ!»

ልብስ ሰፊው ይህን ወሬ ከየት እንደሰማው አይታወቅም፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ስታልፍ መቀሱን እንደያዘ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ ላስረዳሽ። እነዚህ ሰዎች የሚሸልሙት ሰካራሙን ነው፤ መጠጡን ሲተው። አንቺ ግን ቀምሰሽ አታውቂም። ለማይጠጣ ሰው ምን ይስጡት?»

«እና አሁን ተነስቼ ልስከር?»

«ሦስት ሳምንት ብቻ!» አለና በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። «እኔ እንኳ ከዚያ በላይ ሰክሬ አውቃለሁ፣ ማን ጠየቀኝ?»

ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ወጥታ የደረጃውን መብራት አጠፋች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጦርነት ሆነ። ዘበኛው ያበራል፣ አጥፊ ታጠፋለች። ዘበኛው ይወጣል፣ አጥፊ ትወርዳለች፤ መሃል ደረጃ ላይ ሲገናኙ «እንደምን ዋልሽ» «እንደምን ዋልክ» ተባብለው ይተላለፋሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ተለጠፈ። «ለሕንፃው ቴክኒሻን፦ ከትእዛዝ ውጭ መሣሪያዎችን በተደጋጋሚ በማጥፋት ከባድ ጥፋት ፈጽመዋል። ጥፋትዎን በጽሑፍ ያስረዱ። ባይታረሙ ከሥራ ይሰናበታሉ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማስፈራሪያው አልቆጠቆጣትም፤ የቆጠቆጣት «ፈጽመዋል» የሚለው ነው። በአፍ ሲል ለምዳዋለች፤ ያ አፍንጫውን ስትጠርግለት ያደገ ልጅ ግን አሁን እርስዎ ብሎ ጻፈላት! እስክሪብቶ ከጸጉሯ መዘዘችና ከግርጌው ጻፈችበት፦

«ጥፋቴ ማጥፋቴ ነው። አሁንም አጠፋለሁ።»

የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ አንብባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አራት ቅጂ አውጥታ በየፎቁ አንድ አንድ ሰቀለች። በማግስቱ የማብሪያ ክፍሉ ቁልፍ ተቀየረ።

አሁን ማራገቢያውን የምታገኝበት መንገድ የለም፤ ቀን ከሌት ህ! ህ! ሲል ከረመ። አጥፊ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ጨርቅ በእጇ ጠቅልላ መሰላል አመጣችና የደረጃዎቹን አምፖሎች እንደጋሉ አንድ በአንድ ትፈታቸው ጀመር። መሰላሉን ማን ያዘላት? ዘበኛው። «አብራ እንጂ መሰላል አትያዝ አላሉኝም» አለ። የጥርስ ሐኪሟ ግን በሩን ከፍታ ወጣች።

«እትዬ አጥፊ፣ በሽተኞቼ መንጋጋቸው አብጦ ሦስት ፎቅ ይወጣሉ። ሊፍቱ እንዲሠራ ካልፈለጉ በግልጽ ይንገሩን!»

«እፈልጋለሁ፣ ልጄ። በውሸት ግን አልፈልግም።»

«ውሸቱ ማንን ገደለ?»

መሰላሉ ላይ እንዳለች የጋለውን አምፖል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያገላበጠች ቆየች። የሴትዮዋ እውነት እውነት ነው፤ በሽተኞቹም ያሳዝኗታል። «እኔን» አለች በመጨረሻ። «አሥራ አራት ዓመቴን።»

ሐኪሟ በሩን ዘጋችው።

አራተኛው ሳምንት ሞላ። ለኪው መጣ፣ እሽጉን ቆረጠ፣ መዝጋቢዋን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ተቀምጠዋል፤ ሐኪሟና ልብስ ሰፊው ተከራዮችን ወክለናል ብለው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አሁን ሩቡ ይሞላል» አለ ለኪው፣ ደስታም ጥርጣሬም በሌለው ድምፅ። «ሁለት ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ። የሥራ አስኪያጁና የቴክኒሻኗ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈረመ። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። «እርስዎም ይፈርሙ» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

መነጽሯን አደረገች። «‹ሕንፃው በልኬቱ ወቅት በተለመደው አሠራሩ መቀጠሉን አረጋግጣለሁ።› የተለመደው ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሁልጊዜ እንደምታደርጉት ማለት ነው፣ እህቴ» አለ ለኪው። «ሌላ ምስጢር የለውም።»

«እንግዲያው ከዚህ እጄ ይቆረጥ።»

«እትዬ!» አለች ሐኪሟ ከበሩ። ልብስ ሰፊው ክንዷን ያዝ አደረጋት።

አጥፊ እስክሪብቶውን አነሳች። ከዓረፍተ ነገሩ በታች ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ፊደሎቿን እያጠበበች፣ ሳትቸኩል ጻፈች። ከዚያ ፈረመች፤ ሙሉ ስሟን፣ ማንም በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማይጠራትን።

ለኪው አንስቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «የዚህ ሕንፃ ልክ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የቀረው ሦስት ሳምንት ሆን ተብሎ የበራ ነው። እኔ ሳጠፋ ከለከሉኝ።»



«ማበረታቻ ከሆነ ያላባከነውንም ያበረታቱ» አለች፣ ወደ ለኪው ዞራ። «ለአለቆችህ እንዲህ አለች በልልኝ። እምቢ ካሉም እሰየው! ማራገቢያውን አወርደዋለሁ፣ ኩሽኔታውን እቀይራለሁ። ሊፍቱም ሰው የሠራው ነው፣ ሰው ይጠግነዋል። ከሥራ ውጪ ከተባልኩ እወጣለሁ። ሲያባክን የኖረ ቤት ጠባቂ ነበርኩ ብዬ ግን አልፈርምም፤ ለሊፍትም፣ ለሥጋ ዘመዴም።»

ለኪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ጌታዬ፣ ያሉት እውነት ነው?»

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አርጅታለች፣ ተሳስታለች፣ ተጣልተናል፤ ከእነዚህ አንዱን ቢል ሰውዬው ሌላ ፎርም ያወጣለት ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ፎርም ብቅ ብሎ ይታያል። አጥፊም ይህን ታውቃለች። አላየችውም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን አየች።

የእህቷ ልጅ አላስተባበለም፤ ሌላ ፎርምም አልጠየቀም። ከወንበሩ ተነሳ፣ ኮቱን ከመስቀያው አወረደ፤ አልለበሰውም፣ ክንዱ ላይ ጣል አደረገው። ሐኪሟና ልብስ ሰፊው ግራና ቀኝ ገለል ብለው መንገድ ለቀቁለት። በመሃላቸው አለፈና ደረጃውን ወረደ።