የሚዘለው ትል

በዚያ ዓመት ዓሣው ወንዙን ሽቅብ ሳይወጣ ቀረ። ወንዛችን ማግዳሌና በጥር እንደ ኩሬ ተኛ። መረብ ጣልን፤ ቅጠል አወጣን። ዓሣ የምናደርቅበትን ጨው አስቀድመን የገዛን ሰዎች ጨዋችንን ታቅፈን ቀረን። ሁለት ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ ሄደ።

በየካቲት ዓሣ ነጋዴው ኤቬሊዮ በማከማቻው ውስጥ የጨው ክምር ተንዶበት ሞቶ ተገኘ። ብቻውን ይኖር ስለነበር ለሳምንታት ቢጠፋም ማንም አይጠይቅም። ገላው አልፈረሰም፤ ትልልቅ ዝንቦችም አልነበሩበትም።

«ከሞተ ቢበዛ ሦስት ቀኑ ነው፤ ክምሩንም ሰው ገፍቶታል» አለ ሳጅኑ።

ከሦስት ቀን በፊት ሊሳንድሮ ሆዱን ታክሞ ከሆስፒታል ተመልሷል። ኤቬሊዮ ታንኳውን እንደሸጠበት ሰምቶ በገበያ ሲዝት ውሏል። ያዙት።

ሊሳንድሮ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ታንኳዬ ስትገለበጥ በጸጉሬ ጎትቶ ከውሃ ያወጣኝ ሰው ነው። ባገኘኝ ቁጥር «ፕላሲዶ፣ ያ ጸጉር ገና በእጄ ነው» ይለኛል። መላጣ ከሆንኩ ቆየሁ፤ እሱ ግን አልተወኝም።

ሬሳውን እንዳነሳ ጠሩኝ። ሳገላብጠው ከሥሩ ትንንሽ ነጭ ትሎች ተስፈነጠሩ። አንዱ እጄ ላይ ዐረፈ። አወቅሁት። የትንሿ ጥቁር ዝንብ ልጅ ነው። ጨው አይገድለውም። ትልቁን ዝንብ የሚያግደው የማከማቻው የመስኮት ወንፊትም እናቱን አያግዳትም። ሻጭ «ትናንት በጨው ያሸሁት ዓሣ ነው» ሲለን ዓሣውን ጠረጴዛ ላይ መታ እናደርጋለን። ትል ከዘለለ ሰውየው ዋሽቷል። ይህ ትል ሳያድግ አይዘልም፤ ለማደግም ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

«ሳጅን፣ ይህ ሰው ከሞተ ሳምንት አልፎታል።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ምስክርህ ዝንብ ናት?»

«የሊሳንድሮ ዘመድ እኮ አይደለችም።»

ሳቁብኝ። ትሎቹን በጠርሙስ አድርጌ አፉን በጨርቅ አሰርኩና ከተማ ወደምትገኘው የሬሳ መርማሪ፣ ወደ ዶክተር ኖሄሚ ሄድኩ። ትሎቹን በማጉያ መስታወት አየቻቸው። በማግስቱ ራሷ መጥታ ከሬሳውም ከወለሉም ለቀመች።

«አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«የተበላሸ ዓሣ።»

ትሎቹን አሳድጋ ቀን ቆጠረች። ሬሳው ሲገኝ ኤቬሊዮ ከሞተ ቢያንስ ዐሥር ቀን ሆኖት ነበር። ያን ጊዜ ሊሳንድሮ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ገላውን ሳይፈርስ ያቆየው ጨው ነበር። ክምሩንም ማንም አልገፋውም፤ ከሥሩ እርጥበት በልቶት ነበር።

ሊሳንድሮን ሲፈቱት በር ላይ ጠበቅሁት። ከስቷል። መጥቶ መዳፉን መላጣዬ ላይ አሳረፈ።

«የሚያዝ ነገር እንኳ የለውም» አለ።

ከዚያም እጁን አነሳ።

«በቃ፣ ለቀቅሁህ።»