ቁርቁራዋ የነበረችበት ቦታ

ሽንፋ ውስጥ የሥዕል መምህር መሆን ማለት የሒሳብ መምህሩ ሲቀር ክፍለ ጊዜውን መሸፈን ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራዬን ይዤ ወደ እርሻው እወጣለሁ። ከስልክ ፎቶ እያዩ መሣልን እንደ ኩረጃ ነው የምቆጥረው። ሜዳ ላይ ተቀምጬ፣ ብርሃኑ በተለዋወጠ ቁጥር እየተበሳጨሁ እሥላለሁ። በዚህ ኩራቴ ተማሪዎቼን ስንቴ እንዳሰለቸኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ አንዱን ሥዕል አራት ቅዳሜ ሠራሁት። የተቀመጥኩት ከአንድ የወሰን ድንጋይ አጠገብ ነበር፤ በስተግራ የእማማ አየሁሽ እርሻና ጎጆ፣ በስተቀኝ የጎረቤታቸው የደረበ። ፊት ለፊቴ ወሰኑ ላይ አንዲት የቁርቁራ ዛፍ ቆማለች፤ ከጀርባዋ ሁለት ጫፍ ያለው ተራራ አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ። በሁለተኛው ከሱዳን በኩል የመጣ አቧራ ተራራውን ዋጠብኝ። በሦስተኛው ዝናብ አባረረኝ። በአራተኛው ተናድጄ በጧት ሄድኩና ጨረስኩት።

እማማ አየሁሽ ባላቸው ከሞተ በኋላ ሰሊጡን ብቻቸውን የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። አራቱንም ቅዳሜ ውኃ ስላጠጡኝ ሥዕሉን ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሰቀሉት።

አምና ቁርቁራዋን ነፋስ ጣላት። የትራክተር ሹፌሩ ደግሞ ጉቶዋን ነቅሎ አረሰበት። ዘንድሮ ሰኔ ገብቶ ሊዘሩ ሲሉ ወሰኑ የለም። ወሰኑ ከድንጋዩ ተነስቶ ወደ ዛፏ እንደሚሄድ ሁለቱም ያምናሉ። ዛፏ የት ነበረች ሲባል ግን፣ ከድንጋዩ ሆነው ሲያዩዋት እማማ አየሁሽ በሁለቱ ጫፎች መካከል ነበረች ይላሉ፤ ደረበ በግራው ጫፍ ሥር ነበረች ይላል። የሚጣሉበት መሬት የእማማ አየሁሽን እርሻ ሲሶ ያህላል። ሌላ የሚበሉበት የላቸውም።

ወሰኑን እንዲያዩ የተመረጡት ሽማግሌዎች አስጠርተውኝ ስደርስ ሥዕሉን ድንጋዩ ላይ አስደግፈውት ነበር። በሥዕሉ ላይ ዛፏ ልክ በሁለቱ ጫፎች መካከል ቆማለች።

"መምህር፣" አሉ ሰብሳቢው አያ ታደገ፣ "ዓይንህ ያየውን ነው የሣልከው?"

አዎ ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዛፏ ጫፍ ከተራራው ጫፍ ጋር ገጥሞ አስጠልቶኝ ነበር። እንዲህ ሲሆን አያምርም፤ እኛ ሠዓሊዎች ትንሽ ገፋ እናደርገዋለን። እኔም ዛፏን ገፋ አድርጌ መካከል ላይ አቆምኳት። ከየትኛው ጫፍ ነው ግን የገፋኋት?

"ጥላውን እዩልኝ እስቲ፣" አለ ደረበ። "የዛፏ ጥላ ወደ ምሥራቅ ወድቋል፣ የጎጆው ወደ ምዕራብ። በስንት ሰዓት ነው ይኸ የተሣለው?"

"ከሰዓትም፣ ጧትም።"

"ፀሐይ ያን ቀን ሁለት ነበረች?"

ሰዉ ሳቀ። አያ ታደገ ፎቶ አንስቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ።

በዚህ አገር የወሰን ምስክር ጫማውን አውልቆ ከድንጋዩ ተነስቶ ይሄዳል፤ እግሩ የረገጠው መሬት ወሰን ሆኖ ይጸናል። አያ ታደገ ጫማዬን አዩት። አንዱን አወለቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ዛፏን ፈለግኋት፤ የመጣልኝ የራሴ ሥዕል ነው። በግራው ጫፍ ሥር ሳስባት እዚያ ትቆማለች፣ በቀኙ ሳስባትም እዚያ ትቆማለች።

"ዛፏን አዛውሬያታለሁ፣" አልኩ።

"ወዴት?"

"ወደ መካከል።"

"ከየት?"

"እሱ ነው የጠፋኝ።"

አያ ታደገ ግራ ገብቷቸው አፈጠጡብኝ። "ምን አድርጋህ ነው የምታዛውራት?"

"እንድታምር ብዬ ነው።" ይህን ስናገር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አየሁሽ፣" አሉ አያ ታደገ፣ "ምስክርሽ ካልሄደ አንቺ ትሄጃለሽ?"

እማማ አየሁሽ ሥዕሉን አዩ፣ ተራራውን አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩ። "አልሄድም፣" አሉ።

"እኔ እሄዳለሁ፣" አለ ደረበ። የፕላስቲክ ጫማውን አወለቀና እርጥቡን ጥቁር አፈር እየረገጠ ወደ ግራው ጫፍ አቀና። ሽማግሌዎቹ ካስማ እየተከሉ ተከተሉት። እያታለለ ይሁን እውነቱን ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። እዚያ ቦታ ላይ አራት ቅዳሜ ያፈጠጥኩት እኔ ነኝ።

እማማ አየሁሽ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። "ለምን አልሄዱም?" አልኳቸው።

"እኔ ዱሮ የማውቃት በቀኙ ጫፍ ሥር ነበር፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሥዕልህን ጧት ማታ ሳየው ግን፣ መምህሩ አራት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ያየ ሰው ነው፣ የተሳሳትኩስ እኔ ነኝ ብዬ የራሴን ተውኩት። አሁንማ እሱንም እንጃ፣ ልጄ።"

በቀኙ ከሆነ መሬታቸው እሳቸው ራሳቸው ከጠየቁትም ይሰፋ ነበር። ደረበ በግራው በኩል እየራቀ ነው። ልጠራው ፈለግሁ፤ ቢዞር ግን ምን እንደምለው አላወቅሁም።